የማድ ቤቱ ካፒቴን

የካቲት 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የልክ መመዝገቢያዬ ነው። ከፊት በኩል የሰው ወገብና ትከሻ ተጽፎበታል። ከኋላ ያለው ባዶው ገጽ ግን የራሴ ነው ብዬ ገልብጬ ጀመርኩት። ዛሬ ያልጻፍኩ መቼ ልጽፍ ነው?

ሻለቃዬ የመልቀቂያ ወረቀቱን ፈርሞ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጦሩን ሄሊኮፕተር ያበረረ ሰው፣ ዳቦ ገዝቶ እንደሚመለስ ሰው በሩን ከፍቶ ገባና "ጨረስኩ" አለኝ። በቃ። የቀረውን እኔ ሞላሁት፤ አቀፍኩት፣ ሳምኩት፣ ጎረቤት ጠራሁ።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የአየር መንገድ ተማሪ ነው፣ በአርባ አራት ዓመቱ። አምና በእረፍት ቀኖቹ ትንሿን አውሮፕላን ተምሮ ፈቃድ አውጥቷል። አሁን ትልቁን፣ መንገደኛ የሚጭነውን ያስተምሩትና በመጨረሻ ይፈትኑታል። ካለፈ ረዳት አብራሪ ይሆናል። ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እሱ የፈረመው ብቻ ነው። "ለምን ከእኛ ጋር መሥራት ፈለጉ?" የሚለው ሦስት መስመር ቦታ ነበረው። አልበቃኝም፤ በጀርባውም ጻፍኩ።

አንድ የሚያስቅ ነገር። በሄሊኮፕተር አለቃው የሚቀመጠው በቀኝ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን ደግሞ አለቃው ግራ ነው፣ ረዳቱ ቀኝ። ስለዚህ ሻለቃዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ከአለቃነት ወደ ረዳትነት ወረደ ማለት ነው። ይህን ስነግረው በግማሽ አፉ ሳቀ። የሱ ግማሽ ሳቅ የሌላ ሰው ሙሉ ሳቅ ነው።

የምንኖርበት ቤት የጦሩ ነው። ቁልፉን እስከ ግንቦት 30 ማስረከብ አለብን። አልተጨነቅኩም። ብቻ አዲሱ ቤት መስኮቱ በግራ በኩል ቢሆን ደስ ይለኛል፤ መኪናዬ ላይ ስሰፋ ብርሃን ከግራ ካልመጣ ክሩ አይታየኝም።

የካቲት 7፣ ዓርብ

የስንብት ሻይ ነበር፣ ሄሊኮፕተሮቹ በሚቆሙበት ግቢ። አለቃቸው ብዙ ጥሩ ነገር ተናገረና "እስቲ አንተም በል" አለው። ሻለቃዬ ተነሳ፤ "አመሰግናለሁ" አለ፤ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ቀሪውን ሲጠብቅ እኔ ብድግ አልኩና ስለሱ ተናገርኩ። ረዘም አደረግኩት መሰለኝ፤ ሻዩ ሁለተኛ ተቀዳ።

ጎረቤቴ የመካኒኩ ሚስት "ራዲዮ" ነው የምትለኝ፤ ከሷ ተቀብሎ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ይለኛል።

"አንቺ ራዲዮ፣ ባትሪሽ አያልቅም?" አለችኝ በሰው ፊት።

"በፀሐይ ነው የምሠራው" አልኳት። ተሳቀ።

ሻለቃዬ ብቻውን ሄሊኮፕተሩን አንድ ዙር ዞረና በግራው በር ላይ መዳፉን አሳርፎ ቆመ። ቆየ። ፎቶ እንነሳ ብዬ ጠራሁት። ባልጠራው ይሻል ነበር ይሆን? ለነገሩ ፎቶው ጥሩ ወጥቷል።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ከሱ በቀር ሁሉም ልጆች። ከአንዲት የሃያ አራት ዓመት ልጅ ጋር አጣምረውታል፤ በአውሮፕላን እንጂ በሄሊኮፕተር ተቀምጣ አታውቅም። "ጋሼ" ነው የምትለው። ሲሙሌተር የሚባል ነገር አላቸው፤ ከመሬት የማይነሳ፣ ግን እውነተኛ እስኪመስል የሚያዘነብልና የሚንቀጠቀጥ የአውሮፕላን አፍንጫ ነው።

ማታ ገበታ ላይ፦

"ትምህርቱ እንዴት ነው?"

"ደህና።"

"አስተማሪውስ?"

"ደህና።"

"ልጅቱስ?"

"ደህና።"

ጠበቃዋ አላስቻላትም። ጠበቃ የምላት ልጄን ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ክርክር አትለቅም። "አባ፣ ክንፉ ወለቀ ብንልህም ደህና ነው የምትለው" አለችው።

አሰበበት። "እሱስ ደህና አይደለም" አላት። ለሱ ይህ ንግግር ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ማድ ቤቴ አውሮፕላን ሆኗል።

ሁለት ወንበር ወደ መስኮቱ አዙረን ጎን ለጎን አስቀመጥን። በመሃል አንድ ዱካ፣ ዱካው ላይ ባቄላ የሞላ ቆርቆሮ፣ ባቄላው ውስጥ ሁለት የእንጨት ማንኪያ ተተክሏል፤ እነሱ የሁለቱ ሞተር ማንሻዎች ናቸው። ወደፊት ሲገፉ ጉልበት ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ሲሳቡ ይቀንሳል። መሪው የድስት ክዳን ነው። የእግር መርገጫው የሻለቃዬ የቤት ጫማ ነው፣ ግራና ቀኝ። የሚነበበውን ወረቀት በስፒል መጋረጃው ላይ ሰካሁት።

እሱ ቀኝ ተቀመጠ። ግራ ለእኔ ቀረ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቼ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የኖርኩ ሴት፣ በአንድ ከሰዓት ካፒቴን ሆንኩ። ሽርጤን እንኳ አላወለቅኩም።

ሥራቸውን ሳየው እንዴት ደስ አለኝ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል። አንዱ ማንሻ ሊነካ ከሆነ "ይህን ልነካ ነው" ይላል፤ ሌላው አይቶ "አየሁ" ይላል። ሳይናገሩ የሚነካ ነገር የለም። ይህ እኮ ለማውራት ደመወዝ የሚከፈልበት ቦታ ነው። የኔ ሥራ ነበር፤ በስህተት ለሱ ሰጡት ብዬ ጠበቃዋን አሳቅኳት።

ሻለቃዬ ግን ግራውን ወንበር ትንሽ አየው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ጊዜ የለኝም። አርባ ሁለት ቀሚስ እስከ ቅዳሜ። ልምምዱ ግን አልቀረም። ወረቀቱን በሙሉ በቃሌ ይዣለሁ። የሱን መልስ ጭምር።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ፈተናውን ወደቀ።

ድንች ቀቅዬ ነበር። ማንም አልነካውም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ምን እንደሆነ ሻለቃዬ አልነገረኝም። ዛሬ ጠዋት አብራው የምትማረው ልጅ የረሳውን ጃኬት ይዛ መጣች። እሱ ውጭ አጥር ይጠግን ነበር፤ ያልተሰበረ አጥር። ማድ ቤት አስገባኋትና ሻይ ሰጠኋት።

"እትዬ፣ ጋሼ እኮ ከሁላችንም ይበልጣል" አለችኝ። "ማሳረፍ ላይ የሚስተካከለው የለም።"

"ታዲያ ምን ነካው?"

ከመሬት ልክ ሲነሱ አስተማሪው የቀኙን ሞተር አጠፋባቸው። እንዲህ ሲሆን በእግር ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ መውጣት፣ የሆነውን ጮክ ብሎ መናገር ነው። ከዚያ ሁለቱም ተማምነው፣ የጠፋው የትኛው እንደሆነ አይተው ነው ማንሻ የሚነካው። ሻለቃዬ ግን ምንም ሳይል፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪከፈት ባልሞላ ጊዜ፣ በግራ እጁ ሁለቱንም ማንሻ ስቦ አወረዳቸው። ደህናውም ሞተር ሞተ። አውሮፕላኑ ማሳ ውስጥ ገባ። ሲሙሌተር ስለሆነ ሰው አልሞተም፤ መብራቱ ብቻ ጠፋ።

ገባኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው። በሄሊኮፕተር ሞተር ከጠፋ የግራ እጅ ወዲያው ወደ ታች ነው፤ አንድ ትንፋሽ ከዘገየ አበቃ። ሁለት ጊዜ ነፍሱን ያተረፈችው እጅ ናት አሁን የጣለችው። እጅን ምን ብለው ይቆጧታል?

"ከእጁ ይልቅ ዝምታው ነው አስተማሪውን ያናደደው" አለች ልጅቱ። አስተማሪው ጢሙ የሸበተ ትልቅ ካፒቴን ነው። "'ሁለት ሰው ተቀምጦ ያበረርከው ብቻህን ነው፤ እሷ ከጎንህ እንደ ዕቃ ተቀመጠች' አለው። እኔ ደግሞ፣ እትዬ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ጋሼ ምን እያሰበ እንደሆነ አንድም ቀን አውቄ አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" ልላት ነበር። በምትኩ ስኳር ጨመርኩላት።

አንድ ዕድል ብቻ ነው የቀረው፣ ሚያዝያ 16። ያንን ካለፈ አለፈ፤ ካላለፈ አየር መንገዱ ያሰናብተዋል፣ ጦሩ ደግሞ ፈርሞ የወጣን ሰው አይመልስም። ቤቱም እንደተባለው ነው። ማመልከቻውን ማን ሞላው? በጀርባው ጭምር ማን ጻፈ?

አልተጨነቅኩም። ዛሬ አንድ ቀሚስ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ገልብጬ ሰፋሁት፤ እሱ የክሩ ጥፋት ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ልምምዱን አጠነከርኩት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ጠበቃዋ በር ላይ ቆማ ፖም እየበላች ታየን ነበር።

"እማ፣ ልናገር?"

"ተናገሪ።"

"አንቺ ጥያቄውንም መልሱንም ነው የምታነቢው። አባ የተቀመጠው ለጌጥ ነው።"

"እየረዳሁት ነው።"

"እሺ። ሲሙሌተር ውስጥም አብረሽው ትገቢያለሽ?"

ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሠርታ ጨርሳለች፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዳቦ ሰልፍ ላይ ሻርፕ ተከናንቤ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ሁለት ሰው አለፍ ብላ የመካኒኩ ሚስት ለአንዷ ትነግራታለች። እንደቆምኩ አላየችኝም።

"ወድቋል አሉ፣ አልናገር ብሎ" አለቻት።

"ውይ፣ ምነው?"

"ከየት አምጥቶ ይናገር? ሃያ ዓመት ከራዲዮ ጋር ኖሮ። አንድ ቃል ሲጀምር እሷ ትጨርስለታለች። ደግ ሴት ናት፤ ግን ሰውዬው ቤቱ ውስጥ አድማጭ እንጂ ተናጋሪ ሆኖ አያውቅም።"

በክፋት አልተናገረችውም። ያ ነው የከፋው። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ማታ ሳስበው ሐኪም ቤት የሄድነው ትዝ አለኝ። ሐኪሙ "የት ጋ ነው የሚያምህ?" ሲለው "ግራ ጎኑን ነው፣ ዶክተር" ብዬ መለስኩ። ሁለት ሳምንት የግራ ጎን መድኃኒት ዋጠ። ያመመው ቀኝ ጉልበቱ ነበር። "ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" ብለው "ጀምረሽ ነበር" አለኝ። ያኔ ስቄ ለሰፈሩ በሙሉ አወራሁት። ዛሬ ብዙም አላሳቀኝም።

መጋቢት 21፣ እሁድ

ዛሬ አንድ ነገር ተገኘ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። ስሰፋ ስፒሎቹን በከንፈሬ ነው የምይዘው፤ አምስት ስድስት ይሆናሉ። በነሱ ሰዓት ብቻ ነው የማላወራው፤ ካወራሁ እውጣቸዋለሁ። ሻለቃዬ መጥቶ ቀኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የድስቱን ክዳን ያዘ። እኔም ቀሚሱን ይዤ፣ ስፒሎቼን በአፌ እንደያዝኩ ግራው ላይ ተቀመጥኩ። ማንበብ አልቻልኩም። "ቆይ፣ ልጨርስ" ማለትም አልቻልኩም።

ጠበቀኝ። እኔም ጠበቅኩት። የመስኮቱን ዝንብ አብረን አየነው። ዝንቡም ሄደ።

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "ፍጥነት ሰማንያ" አለ። ራሴን ነቀነቅኩለት። "ለመነሳት ዝግጁ" አለ። ነቀነቅኩ። "መሪውን እስባለሁ።" ነቀነቅኩ። ሌላ ማን ይናገር? ማንም የለም። ተናገረ።

በዚህ መሃል ጠበቃዋ ከኋላችን ሌላ የድስት ክዳን መሬት ላይ ለቀቀችና "የቀኝ ሞተር!" ብላ ጮኸች። የሻለቃዬ ግራ እጅ እንደ ጭልፊት ወረደ። ማንኪያዎቹ ከነቆርቆሮው ተገለበጡ፤ ባቄላው ምድጃ ሥር ገባ። ሁላችንም ሳቅን። ስፒል በአፍ ይዞ መሳቅ ግን አይመከርም።

ባቄላውን በጉልበታችን ተንበርክከን እየለቀምን አንድ ሕግ አወጣን፦ አፍ ሳይናገር፣ እኔም ሳልነቀንቅ፣ ያች እጅ አትነሳም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ባቄላ ሦስት ጊዜ ተደፋ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ሁለት ጊዜ። ድመቷ ማድ ቤት መግባት አቁማለች።

መጋቢት 28፣ እሁድ

አልተደፋም። ግን ዝም አለ። እጁን በሌላው እጁ ይዟት ነበር፤ እንደዚያ አይቆጠርም አለች ጠበቃዋ። እኔ ልቆጥርለት ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ጥሩ እየሄድን ነበር። ወደ መስኮቱ እያየ ሲናገር አንድም አይቀረውም። ትምህርታቸው ግን "የምትናገረውን ሰው እየው" ይላል። ዛሬ ወደ ግራ ዞር ብሎ አየኝና ቃሉ መሃል ላይ ቆመ።

ስፒል በአፌ ባይኖር ስምንት ጥያቄ እጠይቀው ነበር። ቆይቶ፣

"ቀልደኛው በግራ በኩል ነበር እኮ የሚቀመጠው" አለ።

ስለ ቀልደኛው እስካሁን አልጻፍኩም። ዘጠኝ ዓመት ከሻለቃዬ ጎን ያበረረ ጓደኛው ነው። የሚያወራው እንደ እኔ ነበር፤ ሁለታችን ስንገናኝ ሻለቃዬ ወንበሩን ይዞ ውጭ ይቀመጥ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሻለቃዬን ጉንፋን ያዘውና ቀልደኛው ከሌላ አብራሪ ጋር ወጣ። አልተመለሱም። ዛሬ አትሄድም ብዬ ሻለቃዬን አልጋ ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ፤ አንዳንድ ቀን የቀልደኛውን ሚስት መንገድ ላይ ሳያት መንገድ እቀይራለሁ።

"ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ጎን አንድ ነገር ስናገር መልሱን እጠብቃለሁ" አለ ሻለቃዬ። "የሱን ድምፅ ነው የምጠብቀው። አይመጣም። ተውኩት።"

አራት ዓመት። እኔ ደግሞ ድሮም እንደዚሁ ነው እል ነበር።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አውጥቼ የስፒል ትራሴ ላይ ሰካኋቸው። ብዙ ነገር መጣብኝ። ሁሉንም ተውኩና የካፒቴኑን ቃል ብቻ አልኩት።

"አየሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። "የቀኝ ሞተር ጠፋ" አለ እኔን እያየ። "ቀጥ አድርጌ ይዣለሁ። የቀኙን ማንሻ ልነካ ነው።"

"አየሁ።"

አንዷን ማንኪያ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳባት። አንድ ባቄላ አልወደቀም።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ልጅቱ ለልምምድ መጣች። ግራውን ወንበር ለሷ ለቀቅኩ፤ እኔ ከነጠበቃዋ መንገደኛ ሆንኩ።

"ጋሼ፣ በባቄላ ነው እንዴ የምትበሩት?" አለችው ቆርቆሮውን አይታ።

"ርካሽ ነዳጅ ነው" አላት።

ቀለደ። ልጅቱ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን። ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ ጠበቃዋን "እመቤት፣ ቀበቶዎን ይሠሩ፤ ፖሙንም ያስቀምጡ" አላት። ሦስት ጊዜ ሞተር አጠፋንበት። ሦስቴም መጀመሪያ አፉ፣ ቀጥሎ የልጅቱ "አየሁ"፣ በመጨረሻ እጁ። ስፒል አልያዝኩም ነበር፤ እንዲሁ ዝም አልኩ። ከባድ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ቀኑን ሙሉ የሚችለው እንዴት ነው?

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ነገ ነው። ነጩን ሸሚዝ ተኮስኩ። ደግሜ ተኮስኩ። አልተጨነቅኩም። ሦስተኛ ስጀምር ጠበቃዋ ሶኬቱን ነቀለችው።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ጠዋት፦ ሄደ። "ደህና ዋዪ" አለኝ። ደግሞም "ቁልፌን ይዣለሁ፣ ውሃ ይዣለሁ፣ መነጽሬን ይዣለሁ" አለኝ። እኔም "አየሁ" አልኩት።

ቀትር፦ ምንም የለም።

ዘጠኝ ሰዓት፦ ምንም የለም። ለመካኒኩ ሚስት ቀሚስ እየሰፋሁ ነው። ጠቦባታል፤ እሷ ጨርቁ ነው የተኮማተረው ትላለች።

ማታ፦ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጠርዝ እያጠፍኩ ስለነበር ስድስት ስፒል በአፌ አለ። ሻለቃዬ ጃኬቱን ሳያወልቅ ግራው ወንበር ላይ ተቀመጠና ማውራት ጀመረ።

ከመኪና ማቆሚያው ጀመረ። በር ላይ ያገኘው ዘበኛ ምን እንዳለው፣ ኮሪደሩ ቀለም ቀለም እንደሚሸት፣ ልጅቱ ወረቀቷን ሁለቴ እንደጣለችና እሱ "አይዞሽ፣ ባቄላ ነው" እንዳላት። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ አላውቅም፤ አላቋረጠም። እኔ መጨረሻውን ብቻ ነው የምፈልገው። በዓይኔ ጠየቅኩት። እሱ ገና ቀበቶ እያሰረ ነው።

"ተነሳን። ጠፋ። የግራው ነበር ዛሬ። እጄ ተነሳች፤ ተሰማኝ፣ ስትነሳ ተሰማኝ። 'የግራ ሞተር ጠፋ' አልኩ። እጄ አየር ላይ ቆመች። እንዲህ። ወደ ግራ ዞሬ ልጅቱን አየኋት። 'አየሁ' አለችኝ። መልስ መጣ። ከዚያ እኔ ነኝ የማላቆመው፤ ፍጥነቱን ነገርኳት፣ ከፍታውን ነገርኳት፣ ነፋሱን ነገርኳት። ሽማግሌው ከኋላችን ተቀምጦ ይጽፋል፣ ይጽፋል። በአንድ ሞተር ዞረን አሳረፍኩት። ስንወጣ ምን አለኝ መሰለሽ?"

ስፒል አለ እኮ በአፌ።

"'አሁን ደግሞ ትንሽ ብትቀንስ' አለኝ። ሳቀ። ከዚያ ፈረመ።"

"ፈረመ" ሲል ስፒሎቹን በሙሉ መዳፌ ላይ ተፋኋቸውና አለቀስኩ። ጠበቃዋ ከበር "ታዲያ አለፍኩ በለና፣ አባ" አለችው።

"አለፍኩ" አለ። እንደረሳው ነገር።

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀዝቃዛውን ጠጣን፣ እሱም ቀጠለ። ከመተኛታችን በፊት ዘበኛውን ሁለተኛ ነገረኝ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ዕቃ ተጫነ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በግራ በኩል ነው። ጠዋት በመንገዴ የቀልደኛውን ሚስት ቤት አንኳኳሁ። መንገድ አልቀየርኩም። ብዙ ተቀመጥን። ብዙውን ያወራችው እሷ ናት።

የስፌት መኪናዬን ከመካኒኩ ሚስት ጋር ለሁለት አንሥተን አወጣነው።

"አንቺ፣ ዳቦ ሰልፍ ላይ ያልሽውን ሰምቼሻለሁ" አልኳት።

ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከነመኪናው። "ሰማሽኝ? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ልምምድ ላይ ነበርኩ።"

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ መኪናውን እግሬ ላይ ልትጥለው ነበር። "ደግሞ ራዲዮው ሲሄድ ይህ ሰፈር ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እጄ ቢወላገድ ከዚህ ነው።

እኔና ጠበቃዋ አሥራ አራተኛ ረድፍ ላይ ነን፣ በግራ በኩል። ፊት ለፊት ጢሙ የሸበተው ካፒቴን ግራ ተቀምጧል፤ ቀኝ ወንበር ላይ ሻለቃዬ አለ። ትከሻው ላይ ያለውን ሁለት መስመር እኔ ነኝ የሰፋሁት። የሻለቃ ማዕረጉን ከነክሩ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጬለታለሁ።

ከጎኔ አንድ ሰውዬ ጋዜጣ ያነባል። ተነሳን። እኔ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ በልቤ "አየሁ፣ አየሁ" እላለሁ። ደመናውን ስናልፍ ድምፅ ማጉያው ተንኳኳና የሻለቃዬ ድምፅ መጣ። ካፒቴኑ ሰጥቶት ይሆናል፤ ወይም ራሱ ጠይቆ ይሆናል።

እንደምን ዋላችሁ አለ። ከፍታችንን ነገረን፣ ፍጥነታችንን ነገረን፣ የምንደርስበትን ሰዓት ነገረን። እዚህ ላይ ያቆማል ብዬ ስጠብቅ ቀጠለ። የምናርፍበትን ከተማ አየር ነገረን። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ነገረን። ከዚያ፦

"በግራ በኩል ለተቀመጣችሁ፣ ከክንፉ ሥር አንድ ሜዳ ይታያችኋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት እዚያ ነው። ዘጠኙን ከአንድ ጥሩ ጓደኛዬ ጋር። ያኔ በግራ በኩል የሚያወራው እሱ ነበር።"

ወደ ታች አየሁ። ሜዳው የአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነው። ጠበቃዋ እጄን ያዘችኝ።

ድምፁ አላበቃም። ስለ ወንዙ ጀመረ።

ሰውዬው ጋዜጣውን አጥፎ ወደኔ ዞረ። "ይህ አብራሪ አፉ አያርፍም እንዴ? ቤቱም እንዲህ ይሆን?" አለኝ።

"እማ" አለች ጠበቃዋ በክርኗ እየነካችኝ፣ "ንገሪው እንጂ።"

ከንፈሬን ስድስት ስፒል እንደያዘ ሰው ገጠምኩ። ለሰውዬው የምነግረው ብዙ ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ፣ ከነባቄላው። ግን ባሌ ገና አልጨረሰም።